ሦስት መለኪያ፣ ሦስት ቁጥር፦ ለጅማ ቡና አቅራቢዎች መጽሔት አንድ ጽሑፍ እንዴት ተሠራ

ለሙያ ማኅበር መጽሔት መጻፍ ከሌላው ጽሑፍ የሚለይበት ነገር አለ። አንባቢው ሥራውን ከጸሐፊው በላይ ያውቃል። ዕድሜውን ሙሉ ቡና ሲገዛና ሲሸጥ ለኖረ ሰው ስለ ቡና ምን ይጻፍለታል? "ቀይ ቀዩን ልቀሙ" ቢባል ይስቃል። የፍየል ጠባቂውን ተረት ቢተርኩለት ገጹን ገልጦ ያልፋል። ስለዚህ ጸሐፊው የሚፈልገው አንባቢው ከቆመበት ቦታ ሆኖ የማይታየውን ነገር ነው። እሱ ካልተገኘ ባይጻፍ ይሻላል።

ይህ የጉዳይ ጥናት ጅማ ውስጥ ባለ አንድ የቡና አቅራቢዎች ማኅበር መጽሔት ላይ ስለወጣ አንድ ጽሑፍ ነው። ጽሑፉ ስለ እርጥበት መለኪያ ነበር። ርዕሱ ለሰሚው ደረቅ ነው። ከኋላው ግን ገንዘብ ነበረበት፤ ጥርጣሬና ኩርፊያም ነበረበት። እኔ የአማርኛው ክፍል አርታኢ ስለነበርኩ ከጭቅጭቁ እስከ ማተሚያ ቤቱ ድረስ ሲሠራ አይቻለሁ። የማኅበሩንም የሰዎቹንም ስም አልጠራም፤ ለነገሩ አያስፈልግም።

መጽሔቱና አንባቢው

አባላቱ ከጎማ፣ ከማና፣ ከሊሙ ኮሳ፣ ከጌራ፣ ከሰቃ ጨቆርሳ ናቸው። አንዳንዶቹ እሸት ቡና ከገበሬ የሚገዙ ባለማጠቢያ ጣቢያዎች ናቸው። የሚበዙት ግን ጀንፈል (ከነልባሱ የደረቀ ቡና) ገዝተው፣ አስቀሽረው (ልባሱን አስፈልፍለው)፣ በአይሱዙ ጭነው ወደ ገበያ የሚልኩ ናቸው። ጅማ ከድሮም በደረቁ የሚዘጋጅ ቡና አገር ናት። "ጅማ 5" የሚባለው ደረጃ በውጭ ገዢዎች ዘንድ ሳይቀር በዚሁ ስሙ ይታወቃል።

መጽሔቱ በዓመት ሁለት ጊዜ ይወጣል። ገሚሱ በአፋን ኦሮሞ፣ ገሚሱ በአማርኛ ነው። ይህ ማለት ለአንድ ጽሑፍ በየቋንቋው ሁለት ገጽ ብቻ ይደርሰዋል። ፎቶ ከገባበት ወደ 900 ቃል ገደማ ነው። መጀመሪያ ላይ ሁላችንም ቦታ አነሰን እያልን እናማርር ነበር። አሁን ሳስበው ጥበቱ ጠቅሞናል። 900 ቃል ውስጥ "ቡና የአገራችን ኢኮኖሚ የጀርባ አጥንት ነው" ለሚል መግቢያ ቦታ አይተርፍም።

ይዘቱስ? እውነቱን ለመናገር ብዙ ጊዜ የሰላምታ መጽሔት ነበር። የሊቀመንበሩ መልእክት፣ የጠቅላላ ጉባኤ ፎቶ፣ ሪባን ሲቆረጥ፣ የበዓል መልካም ምኞት። አባላቱ ሲደርሳቸው መጀመሪያ የራሳቸውን ፎቶ ይፈልጋሉ። ካጡት መጽሔቱ ባንኮኒ ላይ የሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ ይሆናል።

ከዚያ በፊት በደንብ የተነበበ አንድ ጽሑፍ ነበር፤ እሱም ትንሽዬ ነበረች። ስለ 74110 እና 74112 ነበር። እነዚህ ከጅማ ወጣ ብሎ ባለው የመልኮ ምርምር ማዕከል በኩል የወጡ የቡና ዝርያዎች ናቸው። ገበሬውም ነጋዴውም በቁጥር ይጠራቸዋል። ችግኙን ያውቁታል፣ ፍሬውን ያውቁታል፣ የሚይዝበትን ዓመት ያውቁታል። ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ግን ብዙዎቹ ጠይቀው አያውቁም ነበር። "74" ዝርያው የተመረጠበትን ዓመት፣ እ.ኤ.አ. 1974ን ያመለክታል። የቡና ፍሬ በሽታ አገራችን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1971 ከታየ በኋላ በሽታውን የሚቋቋሙ ዛፎች በጥድፊያ የተፈለጉበት ጊዜ ነው። ይቺ ግማሽ ገጽ ጽሑፍ ከሊቀመንበሩ መልእክት ይልቅ ተወራላት። እኔ ምክንያቱ ግልጽ ይመስለኛል። በየቀኑ የሚጠሩት ቁጥር ያላዩት ጀርባ ነበረው።

ጭቅጭቁ

በአገራችን ለገበያ የሚቀርብ ቅሽር ቡና የእርጥበት ጣሪያው 11.5 በመቶ ነው። ከዚያ ካለፈ ይመለሳል፤ ወይም ዳግም እንዲሰጣ ይደረጋል። የደረጃ ምርመራው ሌላ ነው። ባልታጠበ፣ ማለትም በደረቁ በተዘጋጀ ቡና ከ100 ነጥብ 40ው ለጥሬው ፍሬ፣ 60ው ለቅምሻው ይሰጣል። ከ40ው ውስጥ 30ው የጉድለት ፍሬዎች ነጥብ ሲሆን 10ሩ የጠረን ነው። አባላቱ በቅምሻው ላይ ብዙም አይከራከሩም። "ቀማሽ አይዋሽም" ይላሉ። በእርጥበቱ ግን ይጣላሉ።

ቅሬታው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። አቅራቢው ቤቱ ለክቶ 11 አገኘ። ጫነ። ተረካቢው መጋዘን ሲለካ 12 ከምናምን አለ። መኪናው ቆመ። የመኪና ኪራይ ይቆጥራል፣ ሹፌሩ ይነጫነጫል፣ ዝናብ ቢመጣ ደግሞ ሸራው አያስተማምንም። አቅራቢው ምን ያስባል? ሆን ብለው ነው ይላል። ከሁለት አንዱ መዋሸቱ አይቀርም ብሎ ያምናል፤ የራሱ መሣሪያ ደግሞ ዓይኑ እያየ የሰጠው ቁጥር ነው።

በአንድ ስብሰባ ላይ ነገሩ ጋለ። ሁላችንም ሀጂ የምንላቸው አንድ አንጋፋ አባል ተነሱና፣ "መጽሔት መጽሔት ትላላችሁ፤ ይሄንን ጻፉታ!" አሉ። ተጨበጨበ። ሥራው እዚያው ተሰጠን።

ሁለት ረቂቆች

መጀመሪያ የመጣው ረቂቅ ከአንድ ወጣት አባል ነበር። አባቱን ተክቶ የሚሠራ፣ እጁ ለጽሑፍ የሚታዘዝለት ልጅ ነው። አጀማመሩ እንዲህ ይላል፦ "የአቅራቢው ላብ በመጋዘን በር ላይ የሚፈስበት ዘመን ማብቃት አለበት።" ስሜት አለው። ተጎጂዎቹንም በደንብ አነጋግሯል። ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አቤቱታ ነው። አንባቢው ቀድሞ የሚያውቀውን ብሶት መልሶ ይሰጠዋል። አንብቦ ሲጨርስ የበለጠ ይናደዳል፤ ነገ ጠዋት መኪና ሲጭን ግን ከትናንቱ የተለየ የሚያደርገው ነገር የለም። ከዚህም በላይ ሆን ተብሎ የተሠራ ማጭበርበር ነው ለማለት የሚያበቃ ማስረጃ አልነበረውም። ያለ ማስረጃ ደግሞ የማኅበሩ ስም ያለበት ወረቀት ላይ እንዲህ ያለ ነገር አይወጣም።

ሁለተኛው ረቂቅ ከአንድ የቡና ጥራት ባለሙያ መጣ። ሰውየው ዕውቀቱ የተመሰከረለት ነው። ጽሑፉ "እርጥበት በፍሬው ውስጥ የሚገኝ የውኃ መጠን በመቶኛ ሲገለጽ ነው" ብሎ ይጀምርና ወደ ቀመር ይገባል። ማጣቀሻው ዘዴ ፍሬውን በ105 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ምድጃ ለ16 ሰዓት አድርቆ የቀነሰውን ክብደት መመዘን እንደሆነ ያብራራል። ትክክል ነው። መጨረሻው ላይ ግን "አቅራቢዎች ሆይ" የሚል ክፍል አለው፤ ከዚያ ወዲያ ትእዛዝ ብቻ ነው። ለኩ! አድርቁ! አትጫኑ! ጥንቃቄ አድርጉ!

ይህ ነገር ቀላል መስሎ ይታያል። ግን አንባቢዎቻችን ውስጥ ባለሙያውን በዕድሜ እጥፍ የሚበልጡ ሽማግሌዎች አሉ። እንዲህ ያለ ገጽ ሲያዩ "ይሄ ልጅ ሊያዘኝ ነው እንዴ?" ብለው ያልፋሉ። አንቱታ ብቻውን አያድነውም፤ "ይለኩ፣ ያድርቁ" ቢባልም ትእዛዝ ትእዛዝ ነው። ያገኘነው መውጫ ምክሩን ወደ ክስተት መቀየር ነበር። "ትኩስ ቡና አትለኩ" በማለት ፈንታ "ከፀሐይ የተነሣ ፍሬ ሳይቀዘቅዝ ሲለካ መሣሪያው የተሳሳተ ቁጥር ይሰጣል"። ውሳኔው የአንባቢው ነው። ያከብሩሃል፣ ያነቡሃል።

ሁለቱም ረቂቆች የየራሳቸው እውነት ነበራቸው። የመጀመሪያው የአንባቢውን ሕመም ያውቃል፤ ምክንያቱን አያውቅም። ሁለተኛው ምክንያቱን ያውቃል፤ ነገሩ የሚሆንበትን ግቢ አላየውም። ባለሙያውን "ለመሆኑ አቅራቢው ቤቱ ሲለካ አይተህ ታውቃለህ?" አልነው። ዝም አለ። ወጣቱንም "መጋዘኑ ሲለካስ አይተሃል?" አልነው። እሱም ዝም አለ።

ግቢ ውስጥ የታየው

ስለዚህ ሁለቱን አንድ ላይ ይዘን አጋሮ መንገድ ላይ ወዳለ አንድ መቀሸሪያ ግቢ ሄድን። ለጽሑፉ ትልቁን ሥራ የሠራችው ይቺ ጉዞ ናት።

ሠራተኛው እንደ ወትሮው እንዲለካ ጠየቅነው። ከማድረቂያው አልጋ ላይ እፍኝ ቡና አነሣ። ፀሐይ ላይ ስለዋለ ፍሬው ይሞቃል። ከላይ ከላዩ ነው የወሰደው። ከዚያ ሞላው፣ ተጫነው፣ አነበበው፣ "አሪፍ ነው" አለ። ባለሙያው ከእሱ ሌላ የሚያየው ነገር ነበረው። "መሣሪያው ምን ላይ ነው የተስተካከለው?" ሲል ጠየቀ። ማንም አያውቅም። የገዙት እንዲሁ ነው፤ ከካርቶኑ አውጥተው ሥራ ጀመሩበት።

እዚህ ላይ ትንሽ ማብራራት ያስፈልጋል። በየግቢው ያለው ትንሹ መለኪያ ውኃውን በቀጥታ አይለካም። ኤሌክትሪክን ይጠቀማል። ውኃ የኤሌክትሪክ ኃይልን የሚይዝበት አቅም ከደረቅ ፍሬ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። መሣሪያው ያንን ልዩነት አይቶ "እንግዲህ ውኃው ይህን ያህል መሆን አለበት" ብሎ ይገምታል። ግምቱ የሚሠራው የሚለካው ነገር መሣሪያው ውስጥ ከተመረጠው የእህል ዓይነት ጋር ሲገጥም ነው። ቅሽር ቡና ሌላ ነው፣ ገለባው ያልወለቀ ሌላ፣ ጀንፈል ሌላ። ናሙናው መሣሪያው ከሚጠይቀው መጠን ሲያንስ ወይም ሲበዛም ቁጥሩ ይዛባል። ሙቀትም ያዛባዋል። ባትሪው ሲደክምም እንዲሁ።

ከዚያ ወጣቱ አንድ ሐሳብ አመጣ። ከአጎራባች ሁለት ግቢዎች መለኪያ ተበደረና ሦስቱንም አንድ ጠረጴዛ ላይ ደረደረ። ከአንድ ጆንያ ከላይ፣ ከመሃል፣ ከታች ተወስዶ በደንብ የተደባለቀ ናሙና ለሦስቱም ተሰጠ። ሦስቱ መለኪያ ሦስት ቁጥር አወጡ። የግቢው ባለቤት ሳቅም ንዴትም በተቀላቀለበት ድምፅ፣ "ወላሂ፣ እኔ ከማን ጋር ነው እስከ ዛሬ ስጣላ የኖርኩት?" አለ።

የጽሑፉ ልብ እዚያው ተገኘ። መጋዘኑ ዋሽቷል ወይ የሚለውን አንመልስም፤ መመለስም አንችልም። ማለት የምንችለው ይህን ነው፦ ያልተስተካከለ መሣሪያ ይዞ የሚከራከር ሰው ክርክሩን ከቤቱ ሳይወጣ ተሸንፏል።

ሌላም ነገር ወጣ። ባለቤቱ እንዲመለስበት ስለማይፈልግ ቡናውን አብዝቶ ያደርቀዋል። "ከሚመለስ ይድረቅ" ይላል። ይህ አስተሳሰብ በብዙ አባላት ዘንድ አለ። መጋዘኑ በር ላይ ጭቅጭቅ ስለማያመጣ ማንም ስለእሱ አቤት ብሎ አያውቅም። ግን ገንዘብ ይበላል። ምን ያህል? ማንም አስልቶት አያውቅም ነበር።

ስሌቱ

100 ኩንታል፣ ማለትም 10,000 ኪሎ ቡና በ11.5 በመቶ እርጥበት አለ እንበል። ከዚህ ውስጥ 8,850 ኪሎው ደረቁ ፍሬ ነው፤ ቀሪው ውኃ። ይህ ቡና እስከ 9 በመቶ ቢደርቅ ደረቁ ፍሬ ያው 8,850 ነው። ጠቅላላ ክብደቱ ግን ወደ 9,725 ኪሎ ይወርዳል። 275 ኪሎ አየር ላይ ቀረ።

ባለሙያው እዚህ ሲደርስ "2.75 በመቶ" ብሎ ሊጽፈው ነበር። ወጣቱ አልተስማማም። "ይሄን ማንም አያየውም፤ በፈረሱላ አድርገው" አለ። ልክ ነው። ቡና ነጋዴ በፈረሱላ ነው የሚያስበው። አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው። 275 ኪሎ ከ16 ፈረሱላ በላይ ይሆናል። "2.75 በመቶ" ሲባል ማንም ቀና አይልም፤ "16 ፈረሱላ ሜዳ ላይ ቀረ" ሲባል ግን ሁሉም ቀና ይላል።

የተገላቢጦሹንም አስገባነው፤ ሚዛን እንዲኖረው። በ12.5 በመቶ የሚመለስ 100 ኩንታል ወደ 11.5 ሲወርድ የሚያጣው 113 ኪሎ ገደማ ነው። ሰባት ፈረሱላ አይሞላም። ማለትም ተመለሰብን ብለው ከሚጮሁበት ውኃ ይልቅ ፈርተው በገዛ እጃቸው የሚያተንኑት እጥፍ ይበልጣል። እርግጥ መመለሱ የመኪና ኪራይና የቀን ሥራ አለበት፤ ሁለቱ በቀጥታ አይወዳደሩም። ይህንንም በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፍነው። እሱን ባንጽፍ ኖሮ ሀጂ ቀድመው ያነሡት ነበር።

ዋጋውን በብር አላሰላነውም። መጽሔቱ በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የሚወጣው፤ የቡና ዋጋ ደግሞ እስከ ከሰዓት አይጠብቅም። በምትኩ "16 ፈረሱላ × የዛሬው ዋጋ = ______" ብለን ባዶ ቦታ ተውን። ሰው እስክሪብቶ ይዞ ሲሞላው አይቻለሁ። ከጽሑፉ ውስጥ የምወደው ይህችን ባዶ መስመር ነው።

በዚያው ሰሞን አንድ ሌላ ቁጥርም በሳጥን ውስጥ አስገባን። የኒውዮርክ የቡና ዋጋ በሬዲዮና በቴሌግራም የሚነገረው ለአንድ ፓውንድ ክብደት በሳንቲም ነው፤ የአሜሪካ ሳንቲም። አባላቱ ወጣ ወረደ ሲባል ይሰማሉ፤ ከራሳቸው ሚዛን ጋር ግን አያገናኙትም። አንድ ፈረሱላ 37.5 ፓውንድ ገደማ ነው። ስለዚህ "200 ሳንቲም" ማለት ለአንድ ፈረሱላ ቅሽር ቡና 75 ዶላር ገደማ ማለት ነው። ከዚያ ላይ የጥራት ደረጃው፣ የላኪው ወጪ፣ የምንዛሪው ነገር ይደመራል ይቀነሳል። ሳጥኗ አራት መስመር ናት። ከዋናው ጽሑፍ ጋር በቀጥታ አይገናኝም ብለው የተቃወሙ ነበሩ፤ ትግባ ያልኩት ግን እኔ ነኝ። ያው ሕግ ነው፤ ሰውየው በየቀኑ የሚሰማውን ግን የማያየውን ነገር ያሳያል።

አጻጻፉ

የመጨረሻው ጽሑፍ እንዲህ ይጀምራል፦ "አንድ ጆንያ ቡና፣ ሦስት መለኪያ፣ ሦስት ቁጥር። ግቢው አጋሮ መንገድ ላይ ነው፤ ቡናው አልተቀየረም።" መግቢያ የለውም። ስለ ቡና አመጣጥ የለውም። በሁለተኛው አንቀጽ ምክንያቱ፣ በሦስተኛው 16ቱ ፈረሱላ ይመጣል። የምድጃው ዘዴ በአንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ቀረ፤ የክርክር ዳኛው ማን እንደሆነ ማወቅ ስላለባቸው።

ባለሙያው ሲያየው መጀመሪያ ቅር አለው። ዕውቀቱ የተቀነሰበት መሰለው። ከዚያ የእርማት ሥራውን ስንሰጠው ነገሩ ተቀየረ፤ እያንዳንዱን ቁጥር እሱ አጣራው። ለምሳሌ ወጣቱ "ቡና አንዴ ከደረቀ ደረቀ" ብሎ ጽፎ ነበር። ባለሙያው ሰረዘው። ፍሬው አየሩን ይከተላል። የአየሩ እርጥበት 60 በመቶ አካባቢ ሲሆን ቡናው ከ11 እስከ 12 በመቶ ገደማ ላይ ይረጋል። አየሩ ከዚያ በላይ ሲረጥብ ቡናው መልሶ ይጠጣል። የጅማን ክረምት ለምናውቅ ይህ ትንሽ ወሬ አይደለም። ግድግዳ ላይ ተጠግቶ፣ ከወለል ሳይነሣ የተከመረ ጆንያ 11 ሆኖ ገብቶ 12 ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ አቅራቢው ሲያስገባ የለካው ቁጥር ልክ ሊሆን ይችላል፤ መጋዘኑም ከሳምንታት በኋላ የለካው ልክ ሊሆን ይችላል። ማንም ሳይዋሽ ሁለት ቁጥር ይወጣል። ይህ ነጥብ ከወጣቱም ከባለሙያውም ረቂቅ ውስጥ አልነበረም። አንዱ የሌላውን ሲያርም ነው የተወለደው።

የአፋን ኦሮሞው ክፍል አዘጋጅ ደግሞ ጽሑፉን ከአማርኛው ላይ አልገለበጠችውም። ግቢው ድረስ አብራን ሄዳ ስለነበር ከራሷ ማስታወሻ ጻፈችው። ሁለቱ ጽሑፎች ቁጥራቸው አንድ ነው፤ አካሄዳቸው ግን ይለያያል። ያስወጣው ተጨማሪ ጉልበት ብዙ አልነበረም፤ ያገኘነው ግን ለአንባቢው በራሱ አነጋገር የሚናገር ገጽ ነው።

ለማሳተም የታየው ፈተና

ሦስት ነገሮች ገጠሙን። አንደኛውን በአጭሩ ልለፈው፤ የቦርዱ ፎቶ ነው። ጽሑፉ ላይ የሊቀመንበሩ ፎቶ ይግባ ተባለ። የሦስቱ መለኪያዎች ፎቶ ገባ። ሊቀመንበሩ ራሳቸው ናቸው "እኔን ማን ያየኛል" ብለው ነገሩን የዘጉት።

ሁለተኛው ከበድ ይላል። መለኪያ የሚያስመጣ አንድ ነጋዴ የሙሉ ገጽ ማስታወቂያ ሊከፍል መጣ። ገንዘቡ የኅትመቱን ወጪ ጥሩ አድርጎ ይደጉም ነበር። ጥያቄው ግን ማስታወቂያው ከጽሑፉ ጎን እንዲሆንና ጽሑፉ ውስጥ የእሱ መሣሪያ "አስተማማኝ" ተብሎ እንዲጠቀስ ነበር። ቦርዱ ለሁለት ተከፈለ። "ብር ነው እኮ!" የሚሉ ነበሩ። የእኔ አቋም አንድ ነበር። ያ ቃል ከገባ ጽሑፉ በሙሉ የእሱ ማስታወቂያ ይሆናል፤ አባላቱ እንዲህ ያለውን ነገር ለማሽተት ደቂቃ አይፈጅባቸውም። በመጨረሻ ማስታወቂያው ገባ፤ የኋላ ሽፋኑ ላይ። ጽሑፉ ውስጥ የማንም መሣሪያ ስም አልተጠቀሰም። ነጋዴው ዋጋ ቀንሶ ከፈለ። ያም ቢሆን ከፈለ።

ሦስተኛው ጊዜ ነው። ጽሑፉ ያለቀው ለጥር እትም ነበር። ጥር ላይ ደግሞ ለቀማው አልፏል፤ እዚህ አካባቢ ዋናው ለቀማ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። ስለ ማድረቅ ከማድረቂያው ወቅት በኋላ የሚወጣ ጽሑፍ ምን ይሠራል? ለመስከረሙ እትም አቆየነው። ወጣቱ ተናደደ። ተራ ለጠበቀ ጸሐፊ መቆየት ይከብዳል። ግን መጽሔቱ አዲስ አበባ ታትሞ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ እስኪደርስ ድረስ የሚፈጀውን ስናስብ መስከረምም ቢሆን ጠባብ ነበር።

የሆነው

እትሙ ሲወጣ ስልክ መጣ። ይህ ለእኛ መጽሔት አዲስ ነገር ነው። የሚበዛው ጥያቄ "መሣሪያዬን የት ላስተካክል?" የሚል ነበር። ጽሑፉ ውስጥ ይህን አልመለስንም ነበር፤ መልሱ ራሱ በቀላሉ የሚገኝ አልነበረም። ማኅበሩ በኋላ አባላት መለኪያቸውን ይዘው መጥተው አንድ ላይ የሚያመሳክሩበትን ቀን አዘጋጀ። የመጣው ሰው ከተጠበቀው ያነሰ ነበር። የመጡት ግን ትልልቆቹ አቅራቢዎች ናቸው።

የመጋዘን በር ጭቅጭቅ ጠፋ አልልም። አልጠፋም። አንዳንዱ አባል ግን አሁን ጭነቱ ከመነሣቱ በፊት ናሙና በላስቲክ አሽጎ፣ ቀን ጽፎበት ያስቀምጣል። ክርክር ሲነሣ የሚያሳየው ነገር አለው። ይህን ጽሑፉ አላለም፤ ራሳቸው ያመጡት ነው።

ጽሑፉን ያልወደዱም አሉ። አንድ ትልቅ አቅራቢ ቢሮ ድረስ መጡና፣ "እናንተ የማኅበሩ ናችሁ ወይስ የመጋዘኑ?" አሉን። ማኅበር ለአባሉ ይጮሃል እንጂ አባሉን አያርምም የሚል እምነት አላቸው። ነገራቸው ባዶ አይደለም። የማኅበር መጽሔት የጋዜጣ ያህል ገለልተኛ ሊሆን አይችልም፤ ወጪውን የሚሸፍኑት አባላቱ ናቸው። የሰጠናቸው መልስ ይህ ነበር፦ አባሉ መጋዘኑ ፊት ሲቆም በእጁ ያለው ቁጥር የማይነቀነቅ ከሆነ ያኔ ለእሱ መጮህ እንችላለን። አልተዋጠላቸውም። መጽሔቱን ግን ይዘው ሄዱ።

ሀጂ ደግሞ ያቺን ባዶ መስመር ሞልተው አሳዩኝ። ቁጥሩን አልናገርም። "ስንት ዓመት ነው እንዲህ የማደርቀው?" ብለው በጣታቸው መቁጠር ጀመሩና ተዉት።

አሁን ያለው ሥራ

የሚቀጥለው እትም ዋና ጽሑፍ ስለ አውሮፓ ኅብረት የደን ሕግ ነው። ሕጉ እ.ኤ.አ. በ2023 የጸደቀ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 2020 መጨረሻ በኋላ ደን በተመነጠረበት መሬት ላይ የበቀለ ቡና ወደ ኅብረቱ ገበያ እንዳይገባ ይከለክላል። ለዚህም ቡናው የበቀለበት ማሳ በካርታ ላይ መታወቅ አለበት። አሁንም ሁለት ረቂቅ አለን። አንደኛው "አውሮፓ ሊያጠፋን ነው" ይላል። ሁለተኛው የሕጉን አንቀጾች በተራ ይዘረዝራል።

ከሁለቱም ውስጥ የጠፋው እንደገና የግቢው ነገር ነው። ማሳው ከ4 ሄክታር ካልበለጠ በካርታ ላይ አንድ ነጥብ (ኬክሮስና ኬንትሮስ) ብቻ ይበቃል፤ ከበለጠ ግን ዙሪያው በሙሉ መለካት አለበት። ከአባሎቻችን ጋር የሚሠራው ገበሬ አብዛኛው ከ4 ሄክታር በታች ነው ያለው። ስለዚህ ለእሱ ነገሩ በስልክ የሚወሰድ አንድ ነጥብ ነው፤ ቁጥሩ ከአሥርዮሽ ነጥብ በኋላ ስድስት አሐዝ እስካለው ድረስ። ወጣቱ ጸሐፊ በዚህ ሳምንት ስልኩን ይዞ ማና ወዳለ አንድ ማሳ ይሄዳል፤ ከዛፍ ጥላ ሥር ሆኖ ስልኩ ምን እንደሚያሳይ፣ ገላጣ ላይ ሲወጣ ምን ያህል እንደሚለወጥ ያያል። የትግበራው ቀን ከአንድ ጊዜ በላይ ስለተራዘመ ቀኑን በርዕሱ ላይ አናደርገውም። ፎቶ አንሺው ዝናቡ እንዲያባራ እየጠበቀ ነው።